ዶሮዎቼን ስንት ጊዜ ትቆጥራላችሁ?

ከዓመታት በፊት ነው። ከጊንጪ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ጭልሞ ደን ጫፍ ላይ ካለ አንድ ቤት ደጃፍ ተቀምጫለሁ። መጠይቄን ጉልበቴ ላይ ዘርግቻለሁ። የእኔ አፋን ኦሮሞ ከሰላምታና ከቡና ወሬ ስለማያልፍ፣ የአካባቢው ተወላጅ የሆነ ተማሪ እየተረጎመልኝ አንድ አዛውንት እጠይቃለሁ።

የቤተሰብ ብዛት? መለሱ። የመሬት ስፋት? መለሱ። በሬ፣ ላም፣ በግ? እሱንም መለሱ። ገጽ ሦስት ላይ ስንደርስ፣ "ዶሮስ ስንት አለዎት?" አልኳቸው።

አዛውንቱ ከት ብለው ሳቁ።

"ልጄ፣ ዶሮዎቼን ስንት ጊዜ ትቆጥራላችሁ? ካቻምና የመጡት ቆጠሩ። አምና የመጡትም ቆጠሩ። ጠፍቶባችሁ ከሆነ ንገሩኝና አብረን እንፈልገው።"

ተርጓሚዬም ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ግን ጊዜ የለኝም፤ ከመምሸቱ በፊት ስድስት ቤት ይቀረኛል። "እና ስንት ብዬ ልጻፍ?" አልኩ። "ሁለት በል" አሉኝ። ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ቀጥዬ "ከደኑ በሳምንት ስንት ሸክም እንጨት ታወጣላችሁ?" ስል፣ "ከደኑ? እኛ?" ብለው እንደ መገረም አሉ። እዚያም ላይ ዜሮ ጻፍኩ።

ቡና ቀረበ። ቶናው ላይ ስንደርስ ጀምበር እያዘቀዘቀች ነበርና ዶሮዎቹ ከየጓሮው እየተጠራሩ ወደ ማደሪያቸው መግባት ጀመሩ። ሳላስበው ቆጠርኳቸው። አሥራ አንድ ናቸው። አዛውንቱ ዓይኔን ተከትለው ኖሯል፤ አላፈሩም።

"ለመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ብዬ እውነቱን ነግሬ ነበር" አሉኝ። "ቁጥሩን ይዘው ሄዱ፤ ምን እንዳደረጉት ግን ተመልሶ የነገረኝ የለም። ቁጥር የሚወስድ ሰው ወይ ግብር ይዞ ይመጣል፣ ወይ እስከነጭራሹ አይመጣም። ለሁለተኛዎቹ አምስት አልኩ። ለአንተ ሁለት። ቀጥሎ ለሚመጡት ዶሮ የለኝም እላለሁ። ያኔ ምናልባት ትተዉኝ ይሆናል።"

አንባቢ ሆይ፣ እውነቱን ላውጣ። ያቺን "ሁለት" አላረምኳትም። መጠይቁ ተሞልቷል፣ ገጹ ተገልጧል፣ ተርጓሚው ደክሟል። ሁለቷ ዶሮ ወደ ኮምፒውተር ገባች፤ በኤስፒኤስኤስ ከሌሎቹ ጋር ተደመረች፣ ተካፈለች፣ አማካይ ሆነች። ከነዜሮው ሸክም እንጨት ሠንጠረዥ 3 ውስጥ ተቀመጠች። ከዚያም "ጆርናል" በሚባል ነገር ላይ ታትማ ወጣች። እኔም በእሷ ምክንያት የደረጃ ዕድገቴን አንድ እርምጃ አራመድኩ።

ለማያውቅ ሰው ጭልሞ ማለት ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲሄዱ፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ጊንጪ አጠገብ ያለ የተፈጥሮ ደን ነው። በማዕከላዊው ደጋ ላይ ከመጥረቢያ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ነው። ዝግባ አለው፣ የሐበሻ ጥድ አለው፣ ወይራ አለው፣ ጥቁር እንጨት አለው። አዋሽ ወንዝ ጉዞውን የሚጀምረው ከዚሁ አካባቢ ከፍታዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አሠራር በአገራችን መጀመሪያ ከሞከረባቸው ቦታዎች አንዱም ይኸው ጭልሞ ነው። ነዋሪዎቹ በማኅበር ተደራጅተው፣ ከመንግሥት ጋር ውል ገብተው፣ ደኑን እየጠበቁ እንዲጠቀሙበት ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን መገመት አያቅትም። ጭልሞ ለጥናት የተመቸ ነው። በአንድ በኩል አዲስ አበባ፣ በመካከል ሆለታ ከነእርሻ ምርምር ማዕከሉ፣ በሌላ በኩል አምቦ ከነዩኒቨርሲቲው፤ ሁሉም በአንድ አስፋልት ላይ። ተመራማሪው ማልዶ ወጥቶ፣ ደን አይቶ፣ ገበሬ ጠይቆ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። እናላችሁ የጭልሞ ዛፍ ስንት ካርቦን እንደሚይዝ ተለክቷል፤ ችግኙ ተቆጥሯል፤ አፈሩ ተቆፍሯል፤ የገበሬው ገቢ ተሰልቷል። ዶሮውም እንደዚያው።

እኔ ጥናት አይደረግ አላልኩም። ጥያቄዬ ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ጥናት የሚጻፈው ለማን ነው? ሲጻፍስ ልክ መሆኑን የሚያረጋግጠው ማነው?

እስቲ አንድ ረቂቅ ለጆርናል እንዴት እንደሚሰናዳ ላጫውታችሁ። ሌላውን አላማም፤ ያደረግሁትን ነው የምናገረው።

መጀመሪያ ርዕስ ነው። "ጭልሞ" የሚለው ስም ከርዕሱ ጭራ ይገባል። ከፊት ግን "ዘላቂነት"፣ "የአየር ንብረት ለውጥ"፣ "መተዳደሪያ" ከሚሉት ትልልቅ ቃላት አንዱ መኖር አለበት። ሦስቱም ቢኖሩ አይጠላም። ቀጥሎ ከመቶ ገጽ በላይ የነበረው የመመረቂያ ጽሑፍ ተቆራርጦ ወደ 20 ገጽ ይወርዳል። መጀመሪያ የሚቆረጠው ምን ይመስላችኋል? ሰዎቹ የተናገሩት። ቁጥር ይቀራል፣ ቃል ይወጣል። "ቁጥር የሚወስድ ሰው ወይ ግብር ይዞ ይመጣል" የሚለው የአዛውንቱ ንግግር ከጥናቴ ሁሉ የሚበልጥ ግኝት ነበር፤ እሱ ግን ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም።

ከዚያ የአጠናን ዘዴ ይጻፋል። "ናሙናዎቹ በዘፈቀደ ተመርጠዋል" ብያለሁ። እውነቱ መኪናዬ ከቆመችበት ቦታ የሚቀርቡትን ቤቶች ነው የመረጥኩት። ደግነቱ በአማርኛ "በዘፈቀደ" የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም ስላለው ውሸት ጽፈሃል የሚለኝ የለም።

ከዚያ የጸሐፊዎች ስም ዝርዝር ይመጣል። እዚህ ላይ ጦርነት አለ። ጭልሞን በመኪና መስኮት እንኳ ያላየ አለቃ ስሙ ሁለተኛ ላይ ይቀመጣል፤ ስሙ ከሌለ ፊርማው የለማ! በፀሐይ ከቤት ቤት የመራኝ፣ የተረጎመልኝ፣ ውሻ ያባረረልኝ ያ ተማሪስ? እሱ "ምስጋና" በሚለው ሥር፣ ያውም ስሙ ሳይጠቀስ፣ "የአካባቢው ረዳቶች" ተብሎ ታለፈ።

በመጨረሻ ጆርናል ይመረጣል። እኔስ መች መረጥኩ፤ እሱ ነው የመረጠኝ። አንድ ቀን ኢሜይሌን ስከፍት "የተከበሩ ፕሮፌሰር" የሚል ደብዳቤ ጠበቀኝ። ያኔ እንኳን ፕሮፌሰር ረዳት ፕሮፌሰርም አልነበርኩም። "እጅግ ድንቅ የሆነውን ሥራዎን ይላኩልን" ይላል። ላክሁ። በአምስተኛው ቀን ተቀባይነት አገኘሁ። ገምጋሚ ተብዬው የሰጠኝ አስተያየት "እንግሊዝኛው ትንሽ ይስተካከል" የሚል ብቻ ነበር። ከሥሩ ደግሞ ዶላሩ የሚላክበት የባንክ ሒሳብ ቁጥር። እውነቱን ለመናገር ነገሩ ገብቶኛል። ግን ከፈልኩ።

እንዲህ ያለውን ንግድ ዓለም ካወቀው ቆይቷል። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበረው ጄፍሪ ቢል "አዳኝ ጆርናሎች" ብሎ ስም ያወጣላቸው እነዚህን ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ደግሞ ጆን ቦሃነን የተባለ ጋዜጠኛ ሆን ብሎ በስህተት የተሞላ የውሸት የካንሰር መድኃኒት ጥናት ጽፎ፣ ገንዘብ እያስከፈሉ ለሚያትሙ 304 ጆርናሎች ላከው። ውጤቱን ሳይንስ በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ ይፋ አደረገ። 157ቱ "እናትመዋለን" ብለውታል። እንቢ ያሉት 98 ብቻ ናቸው።

ይህን ስል "እንግዲያው ችግሩ ጆርናል መምረጥ ላይ ነው፤ ጥሩ ጆርናል ላይ ቢላክ ያልቃል" የሚል አይጠፋም። ግማሹ እውነት ነው። ጥሩ ጆርናል ትልቅ ነገር ነው። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ጆርናል እ.ኤ.አ. በ1665 መታተም ሲጀምር የተዘረጋው መንገድ "ያገኘኸውን ይፋ አውጣ፤ የሚያውቁ ሰዎች ይፈትሹህ" ወደሚል ሥርዓት አድርሶናል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሕክምና ጆርናል፣ ከ1978 ጀምሮ ደግሞ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ሲኔት አሉን። አርታኢና ገምጋሚ ሌሊት ቁጭ ብሎ፣ ያለ በቂ ክፍያ፣ የሰው ጽሑፍ የሚያርምባቸው ናቸው። ለእነሱ ባርኔጣዬን አነሳለሁ።

ግን እስቲ ልጠይቃችሁ። ያቺን "ሁለት" የትኛው ገምጋሚ ይይዛታል? ለንደን ያለው? አዲስ አበባ ያለው? ቀመሬን ያያሉ፣ ሠንጠረዤን ያያሉ፣ እንግሊዝኛዬን ያያሉ። ዶሮዎቹ አሥራ አንድ መሆናቸውን ግን ከየት ያውቃሉ? ዜሮ የተባለው ሸክም እንጨት ዜሮ አለመሆኑንስ ማን ይነግራቸዋል? ያን ጽሑፍ ማረም የሚችል ገምጋሚ በዓለም ላይ አንድ ነበር፤ እሱም ጭልሞ ጫፍ ቁጭ ብሎ ቡና ይጠጣል። ረቂቁን ግን ማንም አላሳየውም። ቢያሳየውም በማያነበው ቋንቋ ነው የተጻፈው።

የምጮኸው ለዚህ ነው። ውጤቱን ለገበሬው መልሶ መንገርን እንደ ምጽዋት አድርገን ስለምናየው "ጊዜና ገንዘብ ሲገኝ" እያልን እንተወዋለን። ምጽዋት አይደለም፤ ግምገማ ነው። ያልተመለሰ ጥናት ያልተፈተሸ ጥናት ነው። ከዚያም አልፎ ቀጥሎ የሚመጣውን ጥናት ይመርዛል። አንዱ ወስዶ ሲቀር አሥራ አንዱ አምስት ይሆናል፤ ሌላው ሲቀር አምስቱ ሁለት ይሆናል። ይህን ቁጥር ይዞ ነው እንግዲህ ደን የሚጠበቀው፣ ፖሊሲ የሚወጣው!

ቀልድ እንዳይመስላችሁ። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ ተማሪዎች አደባባይ ሲወጡ፣ በወቅቱ እንደተዘገበው፣ ካስቆጧቸው ነገሮች መካከል የጭልሞ ደንና የአንድ መጫወቻ ሜዳ ጉዳይ ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን አገር ያውቀዋል። ደኑ ለሕዝቡ ምን ያህል የሆድ ጉዳይ እንደሆነ የኔ ሠንጠረዥ 3 አንዳች አልጠቆመም ነበር። እንዴት ይጠቁም? ዜሮ ነበር የተጻፈበት።

በአገራችን በሌላ መንገድ የሠሩ ሰዎች አሉ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ቢልሃርዝያን ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተንሳፈው አዩ። እንዶዱን የሚያውቁት ሴቶቹ ናቸው፤ ሳይንቲስቱ ያዩትን አዩና ጠየቁ፣ ፈተሹ፣ ጻፉ። ጽፈውም አልተቀመጡም። ሥራው እዚያው ዓድዋ ላይ ለዓመታት ተሞክሮ፣ በሽታው በተለይ በሕፃናት ላይ በእጅጉ ቀንሶ ታየ። የውጭው ዓለም "በእኛ ላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ" እያለ ዓመታት ቢያጉላላቸውም፣ እ.ኤ.አ. በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት ተቀብለዋል። የእሳቸው ጥናት መጀመሪያ የተፈተሸው በወንዙ ዳር ነው።

ሩቅ ሳንሄድ፣ ከጊንጪ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ ኦሎንኮሚን ያገኛሉ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የዚያ ልጅ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅን የሚቋቋምና አቀንጭራ የሚባለው ጥገኛ አረም የማይበግረው ማሽላ በማውጣታቸው ነው። ጆርናል ላይ የጻፉት ብዙ ነው፤ ግን ጽሑፉ ዘር ሆኖ ማሳ ላይ ወርዷል። ማሳ ደግሞ ጨካኝ ገምጋሚ ነው። "እንግሊዝኛው ይስተካከል" ብሎ አያልፍም፤ ወይ ይበቅላል ወይ አይበቅልም።

ከአፍሪካም አንድ ልጨምር። በደቡብ አፍሪካ ያሉት የሳን ሕዝቦች ተመራማሪ እየመጣ ሲለካቸው፣ ሲጠይቃቸው፣ ሲጽፍባቸው ኖረው በቃን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። አክብሮት፣ ሐቀኝነት፣ ፍትሕና ርትዕ፣ ጥንቃቄ፣ ሥርዓት ያለው ሒደት ብለው አምስት ነገር አስቀመጡ። ሊያጠናን የሚመጣ የገባውን ቃል ይጠብቅ፣ ውጤቱንም ይንገረን ማለታቸው ነው። የጭልሞው አዛውንት "ዶሮ የለኝም እላለሁ" ሲሉ ይህንኑ ደንብ ነው ያወጁት፤ እኛ አልሰማን ይሆናል እንጂ።

መቼም ወዳጆቼ መምህራን የሚሉኝን አውቃለሁ። "አንተ ዛሬ ዕድገትህን በልተህ ጨርሰህ ነው የምትሰብከን። እኛ በዚህ ደመወዝ፣ በዚህ የቤት ኪራይ፣ ያለ ፔፐር ዕድገት የለም ተብለን እንዴት እንሁን?" እውነታችሁን ነው። ጥፋቱ የመምህሩ ብቻ አይደለም። እኔ የገበሬውን ዶሮ እንደቆጠርኩት ሁሉ ኮሚቴው ደግሞ የእኔን ፔፐር ይቆጥራል። ስንት አለህ? አራት። የት የት ወጣ? እዚህና እዚያ። ጽሑፎቼን ገልጦ ምን አገኘህ ብሎ የጠየቀኝ አንድም የኮሚቴ አባል አላጋጠመኝም። ሲቆጠር የኖረ ሰው ደግሞ እንደ አዛውንቱ ለቆጣሪው የሚመች መልስ መስጠት ይለምዳል። አዛውንቱ ቁጥር ይቀንሳሉ፣ እኛ እንጨምራለን። ልዩነታችን ይሄ ብቻ ነው።

ሆኖም ደመወዝ ማነሱ የተማሪውን ስም ለመሠረዝ ምክንያት አይሆንም። "በዘፈቀደ" ብሎ ለመዋሸትም አይሆንም። ሁለት ገጽ ለመጻፍ ደግሞ ዶላር አያስፈልግም።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አንደኛ፣ ማንኛውም ሰው ረቂቁን ወደ ጆርናል ከመላኩ በፊት ፍሬ ነገሩን በሁለት ገጽ፣ ጥናቱ በተደረገበት አካባቢ ቋንቋ ይጻፈው። ጭልሞ ከሆነ በአፋን ኦሮሞ። ከዚያም የደን ማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሄዶ ያንብበው። "ይሄ ውሸት ነው" የሚሉትን ይመዝግብ፤ ረቂቁንም ያርም። ይህን ማድረጉን ከአጠናን ዘዴው ውስጥ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ የጸሐፊዎች ዝርዝር የሥራ ዝርዝር ይሁን። ያልሠራ አለቃ ይውጣ። ከቤት ቤት የዞረ፣ የተረጎመ፣ ሐሳብ ያዋጣ ተማሪ ይግባ። ሦስተኛ፣ የዕድገት ኮሚቴዎች አሥር ፔፐር ከሚቆጥሩ አንዱን ያንብቡ፤ ሲያነቡም "ለሰዎቹ መልሰህ ነግረሃል ወይ?" ብለው ይጠይቁ። አራተኛ፣ የጽሑፉ ቅጂ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለአካባቢው ትምህርት ቤት ይሰጥ፤ የጊንጪ ልጅ ስለገዛ ደኑ ለማንበብ ዶላር እንዳይጠየቅ።

ይህ ሳይንስን ዝቅ ማድረግ ነው የሚል ካለ፣ እኔ ከፍ ማድረግ ነው እላለሁ። ጆርናሉ የሚጠይቀን ትክክለኛ መረጃ ነው። ትክክለኛው መረጃ ደግሞ ያለው ሰዎቹ ዘንድ ነው። ሰዎቹ የሚሰጡት ለሚያምኑት ብቻ ነው። የሚያምኑት ተመልሶ የመጣውን ነው።

እኔ አልተመለስኩም። በአምቦ መንገድ ብዙ ጊዜ አልፌያለሁ፤ ጊንጪ ላይ ሻይ ጠጥቼ፣ ወደ ደኑ አሻግሬ አይቼ፣ መኪናዬን አስነስቼ ሄጃለሁ። ምን ይዤ ልመለስ? ያ ጆርናል ዛሬ ከኢንተርኔት ላይ ጠፍቷል፤ ደብዳቤ ብጽፍ የሚቀበለኝ የለም። ስለዚህ እርማቴን እዚህ ጋዜጣ ላይ አወጣለሁ። በሠንጠረዥ 3፣ ዶሮ በሚለው ረድፍ፣ ለአንድ የጭልሞ አባወራ "2" ተብሎ የተመዘገበው "11" ተብሎ ይነበብ። እንጨት በሚለው ረድፍ "0" ተብሎ የተመዘገበው ደግሞ "ተመልሰህ ጠይቅ" ተብሎ ይነበብ።